ሄል-ቦፕ የሚመለሰው በ4,200 ዓመት ነው በ2,500?

ባለፈው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ "ሄል-ቦፕ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል?" ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ቡድን 4,200፣ ሌላው 2,500 አለ። ጭቅጭቁ ደወል እስኪደወል አልበረደም። ሁለቱም ከመጽሐፍ ያነበቡትን ነው የተናገሩት። እንደኔ ከሆነ ግን ጎደሎው ጥያቄው ነው። ያለፈው ዙር ነው የሚመጣው? አይልም።

ጅራታም ኮከብ ስሙ ነው እንጂ ኮከብ አይደለም። በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ ሲጠጋ በረዶው ይተንና ጅራት ያወጣል። አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ200 ዓመት በላይ የሚፈጅበት ረጅም ዙር ያለው ይባላል። ሄል-ቦፕን በሐምሌ 1987 ዓ.ም. ሄልና ቦፕ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በየፊናቸው አገኙት። መጋቢት 23 ቀን 1989 ዓ.ም. ለፀሐይ በጣም ቀረበ። እናቴ ያኔ ዳንግላ ልጅ ነበረች፤ አመሻሽ ላይ በዓይን ብቻ ይታይ ነበር ትላለች።

ታዲያ የሺህ ዓመቱን መንገድ ማን ቆሞ ለካው? ማንም። ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሜዳው ዳር ቆማችሁ አንድ ፈረስ በፊታችሁ ሽው ሲል ብቻ አያችሁት እንበል። የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥንና ወዴት እንደሚታጠፍ ካወቃችሁ ቀጥሎ የት እንደሚደርስ ትገምታላችሁ። ሳይንቲስቶችም በተለያዩ ቀናት የታየበትን ቦታ ይይዛሉ። ከዚያ ፀሐይና ፕላኔቶች ምን ያህል እንደሚስቡት አስልተው አንድ አጭር እርምጃ ያስኬዱታል። አዲሱ ቦታ ላይ ስበቱ ስለሚለወጥ እንደገና ያሰላሉ። አሁንም እንደገና! ኮምፒውተር ደግሞ አይሰለቸውም። ያለፈውን ለማወቅ ጊዜውን ወደ ኋላ ይነዱታል። የታየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ስሌቱ ይጠራል። ለዚህ ነው በ1985 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ ሄል-ቦፕ ተደብቆ መገኘቱ በጣም የጠቀማቸው።

ቁጥሮቹን ያለያየው ጁፒተር ነው። 318 መሬቶችን ያህል ይከብዳል። በ1988 ዓ.ም. ሄል-ቦፕ 115 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲያልፍ ጁፒተር ጎተተውና ጉልበቱን ቀነሰበት፤ ምህዋሩም አጠረ።

ደብተር አውጡና ራሳችሁ ሞክሩት። ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር "1" እንበለው። የሞላላው ምህዋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመት ግማሹ ድሮ 263 ገደማ ነበር፤ አሁን 186 ገደማ ነው። የኬፕለር ሕግ እንደሚለው ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ብናባዛው የዓመቱን ብዛት ሁለት ጊዜ ከማባዛት ጋር እኩል ይሆናል። 186×186×186 = 6,434,856። ከራሱ ጋር ተባዝቶ ወደዚህ የሚጠጋው 2,537 ነው። በ263 ስትሠሩት 4,265 ታገኛላችሁ። ሁለቱም ቡድኖች እኮ ልክ ናቸው! ቀጣዩ መምጫው በእኛ አቆጣጠር 4377 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

ጁፒተር ሁሉንም አያሳጥርም። በ1973 ዓ.ም. ቦውል የተባለውን ጅራታም ኮከብ በጣም ቀርቦት ሲያልፍ ጭራሽ ጉልበት ጨመረለት። ያ ኮከብ ከፀሐይ ሰፈር እየወጣ ነው፤ በስንት ዓመት ይመለሳል ቢባል የሚጻፍለት ቁጥር የለም።