ድረ ገጹ ሲያስቸግር መጀመሪያ ኮንፊጉን ይመልከቱ

ላሊበላ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ላለው፣ ለአስጎብኚውም ሆነ መኪና ለሚያከራየው ዋናው ገበያ ገና ነው። ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ አልጋ የሚይዘው አስቀድሞ ነውና፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የማስያዣው ድረ ገጽ ከተበላሸ ጉዳቱ የዓመት ነው። ባለቤቱ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፕሮግራሙ እንደ አዲስ መሠራት አለበት» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ አያስፈልግም። እስከ ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረ ድረ ገጽ ዛሬ ካስቸገረ፣ ከፕሮግራሙ በፊት መጠርጠር ያለባቸው ከጎኑ የተቀመጡት ፋይሎች ናቸው።

ፋይሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኮንፊግ የሚባለው ነው፤ ፕሮግራሙ የትኛውን ዳታቤዝ፣ በየትኛው የይለፍ ቃል እንደሚከፍት፣ በየት አገር ሰዓት እንደሚሠራ የሚነግረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሪሶርስ ነው፤ በገጹ ላይ የሚታዩት የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፎች፣ ፎቶዎችና ፎንቶች እዚህ ይገባሉ።

ብልሽት ሲያጋጥም ከመገመት በፊት ሰርቨሩ ራሱ የሚለውን ማንበብ ይቀድማል። 404 ከመጣ የተጠራው ፋይል በተባለው ቦታ የለም ማለት ነው። 403 ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ የለም ሲል፣ 500 ደግሞ ጥያቄው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ መሰናከሉን ይናገራል፤ ምክንያቱ በሰርቨሩ ሎግ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከነመስመር ቁጥሩ፣ ተጽፎ ይገኛል። የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ እየታየ ሰርቨር ላይ ሲጫን የሚጠፋው ለምን ይመስልዎታል? ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ካሜራው የፋይሉን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፎት ገጹ በትንንሽ ፊደል ከጠራው፣ ለሊኑክስ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

በአማርኛ የምንሠራ ሰዎችን በተለይ የሚያጋጥመን ሌላ ስህተት አለ። የክፍሉን መግለጫ በአማርኛ ሲጽፉ ቆይተው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሱ ኮንፊጉን ያስተካክላሉ። በእንግሊዝኛ ኮማ ቦታ «፣» ይገባል። ዓይን አልፎት ይሄዳል፤ ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም ግን ኮማ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ብቻ ስለሆነ እዚያው ይቆማል፤ ድረ ገጹም አልከፍት ይላል። በወርድ ተጽፎ የተላከ ኮንፊግ ኮፒ ሲደረግም ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ተጠማዘዘ ተቀይሮ ያው ጣጣ ይመጣል። መፍትሔው በሎጉ ላይ የተጠቀሰውን መስመር ከፍቶ ምልክት በምልክት ማየት ነው።

አማርኛው ተበላሽቶ ሲታይ ደግሞ መልኩ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት ከራሱ ከድረ ገጹ ፋይሎች ጋር ማስቀመጥ ይፈታዋል። የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከታዩ ፋይሉ የተጻፈበትና የተነበበበት አሠራር ተለያይቷል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ላቲን-1 በሚባለው አሮጌ አሠራር ሲነበብ ሦስቱም ባይቶች ለየብቻ ፊደል መስለው ይወጣሉ። ጃቫ የጽሑፍ ሪሶርሶችን በዩቲኤፍ-8 ማንበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 9ኛው እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት በላቲን-1 ያነብ ስለነበር የቆዩ ሥራዎች ላይ ይህ ችግር ዛሬም አለ። መረጃው አልጠፋምና ቅንብሩ ሲስተካከል አማርኛው ይመለሳል።

ከሁሉ የከፋው በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ሲገኝ ነው። ዳታቤዙ ወይም ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ቅንብር ግዕዝን በማይችል አሠራር ተሞልቶ ሳለ ጽሑፉ ከተመዘገበ፣ ፊደሎቹ እስከ መጨረሻው ጠፍተዋል። የእንግዳው ስም ከዚያ መዝገብ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት ያየ ሰው በዚያው ቅጽበት ምዝገባውን ያቁም፤ በየደቂቃው የሚገባው ሁሉ እየጠፋ ነው።

የድሮ ሰነድም አማርኛው ተበላሽቶ እንዲታይ የሚያደርግ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በእነሱ የተጻፈ የድሮ መግለጫ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ዝብርቅርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ በቅንብር አይስተካከልም፤ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ወይም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ስህተቱ ሰዓት ላይ ሲሆን ደግሞ በስንት ሰዓት እንደተዛባ መቁጠር ብቻውን ብዙ ይናገራል። መዝገቡ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ እየሠራ ነው። በዚህ ሁኔታ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተያዘ አልጋ የትናንት ቀን ይዞ ይመዘገባል። በ3 ሰዓት ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ ኮንፊጉ ላይ አዲስ አበባ ተሞልቶ ሳለ ፕሮግራመሩ በእጁ ሌላ 3 ጨምሯል ማለት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ቅንብሩን አይንኩ፤ የተለያየው የሰው አቆጣጠር ነው። ፈረንጁ ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሉኝ ብሎ 10:00 ሲሞላ ጠዋት 4 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ሾፌሩ ግን 10 ሰዓት ብሎ ካነበበው እንግዳው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ያለው ሪሶርስ ፋይሉ ውስጥ ነው። ከቅጹ ጎን በሁለቱም ቋንቋ «በአውሮፕላን ቲኬቱ ሰዓት ይሙሉ» የሚል መስመር ይግባ፤ ለሾፌሩ የሚላከው መልእክትም ሁለቱን ሰዓት አብሮ ይያዝ።

የበዓል ዋጋን በኮንፊግ ታኅሣሥ 29 ብሎ የሞላም ይጠንቀቅ። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ቀኑ በየዓመቱ ይሞላ። ወሩን ከ12 በላይ የማይቀበል ቅጽም ጳጉሜን አያውቅምና ይታይ።

የማስተካከያው ሥነ ሥርዓት አጭር ነው። ከመንካትዎ በፊት የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ። አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ይሞክሩ፤ አምስት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደፈታው አያውቅም። ለውጡ ካልታየ ፕሮግራሙን ሪስታርት ያድርጉ፣ የብራውዘሩን ካሽ ያጽዱ፤ የሚያዩት የቀድሞው ፋይል ሊሆን ይችላል። ቅጂውም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አይቅር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ያለ ፋይል እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። እርዳታ ሲጠይቁም ኮንፊጉን ከነይለፍ ቃሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉ። አንድ ጊዜ ከወጣ ማጥፋቱ አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉ ወዲያው መቀየር አለበት።

የላሊበላ ባለሆቴሎችና ድረ ገጽ የምትሠሩላቸው ወጣቶች፣ ይህን ፍተሻ ጥቅምት ላይ ጨርሱት። በአማርኛ ስም አንድ የሙከራ ማስያዣ አስገቡ፤ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ አመሳክሩ፤ ከዚያ በኋላ ገና እስኪያልፍ ድረስ፣ ብልሽት ካላስገደዳችሁ በስተቀር፣ ኮንፊጉን አትንኩት።