ቬትናምን ለማየት መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ለዕረፍት ወደ ቬትናም ለመሄድ የሚያስብ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ስም በመደርደር ነው። ሃኖይ፣ የሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ፣ ሁዌ፣ ሆይ አን፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ሲቀጥልም የሜኮንግ ዳርቻና የፉ ኮክ ደሴት። ከዚያ ያለው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቀን ለሁሉም ይከፋፈላል፤ የጉዞው ወር ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬት ረከስ ያለበት ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ለቬትናም መጀመሪያ የሚወሰነው ወሩ ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ወሩ ነው፤ የሚመረጠውም ከአገሪቱ ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም ከሰሜኑ፣ ከመካከለኛው ጠረፍና ከደቡቡ፣ አንዱ፣ ቢበዛ ሁለቱ ቢሆን ይበጃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአገሪቱ አቀማመጥ ነው። ቬትናም ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወገቧ ላይ ግን ከባሕሩ እስከ ላኦስ ድንበር ያለው ስፋት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የትሩኦንግ ሶን ተራሮች በዚህ ድንበር ላይ እንደ አጥር ተዘርግተዋል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነፋሱ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ዝናቡን ደቡብ ቬትናምና ላኦስ ላይ አራግፎ ተራራውን ሲሻገር፣ ወደ መካከለኛው ጠረፍ የሚወርደው ደርቆና ግሎ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ነፋሱ ይዞራል። ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ ባሕሩን ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከምና ያንኑ ተራራ በባሕሩ በኩል ይመታዋል። በዚህ ምክንያት ደቡቡ ዝናቡን ሊጨርስ ሲል የመካከለኛው ጠረፍ ዝናብ ይበረታል። በሁዌና በዳ ናንግ መካከል እስከ ባሕሩ ዘልቆ የገባው የሃይ ቫን ተራራም ከሰሜን የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ይገታል። በጥር የሃኖይ አማካይ ሙቀት 17 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሰው ጃኬት ሲደርብ፣ በዚያው ሳምንት ሆ ቺ ሚን ከተማ ከቀትር በኋላ 30 ዲግሪን ያልፋል።

«ዝናብ ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ክረምትን ስንቱን ዓመት ኖረነዋል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ደቡቡን በተመለከተ እውነት አለው። በሆ ቺ ሚን ከተማ በዝናብ ወራት ዶፉ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ያባራል፤ ጉዞን አያበላሽም። በጥቅምትና በኅዳር በሁዌና በሆይ አን የሚዘንበው ግን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ፣ ሁዌ አጠገብ ባለው ባክ ማ ተራራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,700 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተለክቷል፤ አዲስ አበባ በሙሉ ዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። የሆይ አን ሰዎች ጎርፉን እየጠበቁ ነው የሚኖሩት። ታን ኪ በሚባለው ጥንታዊ የነጋዴ ቤት ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበት ከፍታ ከነዓመተ ምሕረቱ ምልክት ተደርጎበታል፤ የ1964ቱም (እ.ኤ.አ.) አለ። ውኃው ሲመጣ ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚሳብበት ቀዳዳም ጣሪያው ላይ ተበጅቷል። ሰሜኑም የራሱ አደጋ አለው። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሃ ሎንግ ላይ በድንገተኛ ማዕበል አንድ የጎብኚዎች ጀልባ ተገልብጦ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዐውሎ ነፋስ ሲቃረብ ባለ ሥልጣናቱ ጀልባ እንዳይወጣ ይከለክላሉ፤ ክልከላውን ማክበር ነው እንጂ መከራከር አይገባም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሃ ሎንግን ያቀደ ሰው ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን ይያዝ።

ወራቱን ከቦታው ጋር ብናገናኝ መልኩ ይህን ይመስላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የደቡቡ ጊዜ ነው፤ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ሜኮንግና ፉ ኮክ ደረቅ ናቸው። በእነዚያው ወራት ሃኖይ ዳመናና ካፊያ ይበዛባታል፤ የሳፓ ተራሮችም አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይወርድባቸዋል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ መካከለኛው ጠረፍ ተራውን ይይዛል። ሙቀቱ ቢከብድም የዳ ናንግ ባሕር የረጋ ነው፤ ሆይ አንና ሁዌ ደረቅ ናቸው፤ የፎንግ ንያ ዋሻዎችም ክፍት ናቸው። በዓለም ትልቁ የሚባለው የሶን ዱንግ ዋሻ ግን የዝናቡ ወራት ሲገቡ ለጎብኚ ይዘጋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሰሜኑ ያምራል። በመስከረም በተራራው እርከኖች ላይ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ይደርሳል፤ በጥቅምት የሃኖይ ሰማይ ይጠራል። መጋቢትና ሚያዝያ ሦስቱም ክፍሎች በአንድነት ደህና የሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ለሚመኝ የሚበጀውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የገንዘቡ ነው። «ይህን ያህል አውጥቼ፣ ይህን ያህል በርሬ፣ አንዱን ክፍል ብቻ አይቼ ልመለስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው በቀኖቹ ሒሳብ ውስጥ ነው። ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ ያለው የባቡር መሥመር 1,726 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጉዞው ከ30 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን ክፍል መልቀቁ፣ ወደ አየር ማረፊያ መሄዱ፣ መጠበቁና አዲስ ሆቴል መግባቱ ሲደመር የቀኑን ብዙውን ክፍል ይበላል። ሦስቱንም ክፍሎች በአሥር ቀን ለማዳረስ የወጣ ሰው ሁለት ቀን እንዲህ ያልፍበታል፤ የመድረሻውና የመመለሻው ቀን ሲታከል የቀረው ስድስት ነው። ለየክፍሉ ሁለት ሁለት ቀን መሆኑ ነው። ከሦስቱ አንዱ በዝናቡ ወር ላይ ከወደቀ ደግሞ ሁለቱ ቀን ሆቴል ውስጥ ያልቃል። በአንጻሩ በሐምሌ ዳ ናንግ ላይ ያረፈ ሰው ሆይ አንን፣ የሚ ሶንን የቻም ቤተ መቅደሶችና የሁዌን የነገሥታት ከተማ በየብስ ይደርስባቸዋል፤ ሦስቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ገንዘቡን የሚያባክነው ጥቂት ቦታ ማየት ሳይሆን መንገድ ላይ መዋል ነው።

«ወሩን የሚወስንልኝ አሠሪዬ ነው» የሚሉም አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ነው። ይህ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ወሩ ከተቆረጠ ቦታውም ከሞላ ጎደል ተቆርጧል ማለት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ መካከለኛውን ጠረፍ፣ የገና ሰሞን ደቡቡን ይሰጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል፤ ሃኖይ ስላረፉ ብቻ ግን ሰሜን መቆየት ግድ አይደለም፤ ከዚያ ዳ ናንግ በአገር ውስጥ በረራ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ቪዛውም ቢሆን ቀን ይጠይቃል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማንኛውም አገር ዜጋ በኢንተርኔት አመልክቶ እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ቪዛ ማግኘት ይችላል፤ ማመልከቻው ላይ ግን የመግቢያው ቀን ይሞላል፤ ከዚያ ቀን አስቀድሞ መግባት አይቻልም።

ወሩ ከአየሩ ሌላ የሚወስነው ነገርም አለ። ቴት የሚባለው የቬትናሞች አዲስ ዓመት እንደ ጨረቃዋ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። ያን ሰሞን ሕዝቡ ወደየትውልድ ቀዬው ይጎርፋል፤ ባቡሩና አውሮፕላኑ አስቀድሞ ይሞላል፤ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ለቀናት ይዘጋል። በዓሉን ማየት የፈለገ በአንድ ከተማ ረግቶ ይቀመጥ፤ መዘዋወር የፈለገ ይለፈው። ለጿሚው ደግሞ የሚያስደስት ግጥምጥሞሽ አለ፤ መጋቢትና ሚያዝያ በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛሉ፤ በቡድሂስቶቹ ልማድ ምክንያትም ሥጋ የሌለበት ምግብ በየከተማው ይገኛል። «ቻይ» የሚል ምልክት ያለበትን ቤት መፈለግ ነው። በሌላው ምግብ ቤት ግን የአትክልት ወጡ ሳይቀር የዓሣ መረቅ ሊገባበት ስለሚችል ዓሣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስለዚህ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የዕረፍታችሁን ወር ጻፉና በዚያ ወር ሰማዩ የሚጠራው በየትኛው ክፍል እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ሌላውን ያለ ጸጸት ሰርዙ። ቬትናም በሩቅ አገር ሰው አቅም አንዴ ብቻ የምትታይ ልትሆን ትችላለች። አንዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንዱን ክፍሏን በሚያምርበት ወር፣ ሳይሯሯጡ ማየት ሦስቱንም በአውሮፕላን መስኮት ከማየት ይሻላል።