የቡችላ አመጋገብ

በገርጂ ግቢ ያለው ብዙ ሰው ለሌባ ብሎ ውሻ ያሳድጋል፤ ቡችላው የሚበላው ግን የተረፈውን፣ ያውም ሲተርፍ ነው። ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ሆዱ ትንሽ፣ ዕድገቱ ፈጣን ስለ ሆነ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ጥቂት ጥቂት ሊሰጠው ይገባል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ ሳህኑ ይነሣ፤ እንዲህ ሲሆን ሰዓቱን ያውቃል፣ ከማዕድ አጠገብ ቆሞ መለመንንም አይለምድም። እንጀራ ብቻውን አያሳድገውምና የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይጨመርለት፤ ቤተ ሰቡ ሲጾም ቡችላውን ማስጾም አይገባም። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን ደሙን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚከፋው የበዓል ዕለት ነው። በጉ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ከተገኘ «ለውሻው» ተብሎ ይወረወራል። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የትንሽ ትል ዕጭ የያዘ ነው። ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከቡችላው ጋር ሲጫወት የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ ያው ከረጢት በገዛ ጉበቱ ሊያድግበት ይችላል፤ አንዳንዴም ያለ ቀዶ ጥገና አይወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሳንባ ይቃጠል ወይም ይቀበር፤ ጉድጓዱም ጠለቅ ይበል፣ የጎረቤት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው።