ፊደል ያወቀ ሕዝብ መጽሐፍ ይሻል

ሕዝብን ማስተማር ማለት ሕፃናትን ሰብስቦ ፊደል ማስቈጠር ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ የወጣ ተማሪ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ገብቶ መጽሐፍ ሳይዳስስ ዐሥር ዓመት የኖረ እንደ ሆነ ዓይኑ ያንኑ የለመደውን ፊደል እንደ ባዕድ እንደሚያየው የንባብ መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ስለዚህ ሕዝቡን ለማስተማር የተነሣ የክፍለ ሀገር መንግሥት ዓላማው ሦስት መሆን ይገባዋል፤ ይኸውም ልጆችን ማስተማር፣ ጐልማሶችን ለሙያ ማሠልጠን፣ የተማረውንም ሕዝብ የሚያነበው መጽሐፍ እንዳያጣ ማድረግ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ሥራው በሁለት ጉልቻ ላይ እንደ ተጣደ ድስት ይሆናል።

ለዚህ ነገር ምስክር እንድትሆን በህንድ ደቡብ ምዕራብ በባሕር ዳር የምትገኘውን የኬራላን ክፍለ ሀገር መመልከት ይጠቅማል። ኬራላ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፣ ኋላም በማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለጵጵስና የበቁት ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ የዚያው አገር ተወላጅ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸውም በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ የተቀመጠች እኅት ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት በዚሁ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የኬራላ ትምህርት በአንድ ቀን አልተገኘም። በ1817 በትራቫንኮር በእንደራሴነት ይገዙ የነበሩት ንግሥት ጎውሪ ፓርቫቲ ባዪ የሕዝቡን የትምህርት ወጪ መንግሥት ሊሸከመው ይገባል የሚል ትእዛዝ አወጡ። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1815 የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች በኮታያም ከተማ የካህናት ትምህርት ቤት አቁመው ነበር። በ1864 ደግሞ የካቶሊካውያኑ አባት ኩርያኮስ ኤልያስ ቻቫራ በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትምህርት ቤት እንዲሠራ አዘዙ። እንዲህም በመሆኑ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት በአንድ ሥራ ተጋገዙ። መጽሐፍንም በተመለከተ በዋና ከተማው በትሪቫንድረም በ1829 የተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ነገር ግን በዋና ከተማ የተቀመጠ መጽሐፍ ለገጠሬው ምን ይረባዋል? ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት ፓኒከር የተባሉት የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ፓኒከር በ1909 የተወለዱ፣ ሀብትም ሥልጣንም ያልነበራቸው ሰው ሲሆኑ በወጣትነታቸው በትውልድ መንደራቸው አንድ ትንሽ የንባብ ቤት አቆሙ። በ1945 የ47 ቤተ መጻሕፍትን ሰዎች ሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያም ወዲህ መንደር ለመንደር እየዞሩ የሚያነብ ሰው ያድጋል እያሉ ሰበኩ። ማኅበሩም እያደገ ሄዶ በ1975 ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ፓኒከር በ1995 ባረፉ ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ የተሰበሰቡት ቤተ መጻሕፍት በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ነበር። ያረፉበትም ቀን ሰኔ 12፣ ማለት በአውሮፓውያን ጁን 19፣ በኬራላ የንባብ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የመንደር ቤተ መጻሕፍት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል። በ1989 የኮታያም ከተማ፣ በ1990 የኤርናኩላም አውራጃ ነዋሪዎች ሁሉ ማንበብና መጻፍ እንዲችሉ የተደረገው ዘመቻ ተፈጸመ። መምህራንና ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች ያለ ደመወዝ ማታ ማታ አስተማሩ። በየመንደሩ አስቀድሞ የንባብ ቤትና ለማኅበር ሥራ የለመደ ሕዝብ ስለ ነበረ ዘመቻው ከባዶ መሬት አልተነሣም። በኤፕሪል 18 ቀን 1991 መላው ክፍለ ሀገር ማንበብና መጻፍ እንደ ቻለ በኮዚኮድ ከተማ በአደባባይ ሲነገር፣ አዋጁን ያሰሙት ሹም ወይም ሊቅ አልነበሩም፤ በዚያው ዘመቻ ፊደል የቈጠሩት አይሻ የተባሉ እስላም ሴት ነበሩ።

ከዘመቻውም በኋላ በር አልተዘጋም። በጐልማሳነታቸው ፊደል የቈጠሩ ሰዎች ደረጃ በደረጃ እስከ ዐሥረኛ ክፍል የሚደርስ ትምህርት እንዲከታተሉ መንግሥት መንገድ አበጀላቸው። በ2018 ካርትያያኒ አማ የተባሉ የ96 ዓመት አረጋዊት ለፈተና ተቀምጠው ከ100 ነጥብ 98 አገኙ። እኒህ ሴት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ያልገቡና ቤተ ጣዖት በመጥረግ የኖሩ ነበሩ። በ2002 ደግሞ በማላፑራም አውራጃ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ኮምፒዩተር እንዲለምድ የሚያደርግ ሥልጠና ተጀመረ። ትምህርት በዕድሜ የማይወሰን መሆኑን እነዚህ ሥራዎች ያስረዳሉ።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል የሚል ጥያቄ ለሹም ሁሉ ተገቢ ነው። መንገድና የውሃ ጕድጓድ ሳይሟላ ለመጽሐፍ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚሉም አይታጡም። ለዚህ መልሱ በ1989 የወጣው የኬራላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የቤት ግብር የሚከፍል ሰው በአንድ ሩፒ ላይ አምስት ፓይሳ፣ ይኸውም ከመቶ አምስት፣ ለቤተ መጻሕፍት ይጨምራል። መንግሥትም በበኩሉ ለትምህርት ከመደበው ገንዘብ ከመቶ አንድ የማያንስ ይሰጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ለአንዱ የማይሰማ ክፍያ ለሁሉ ሀብት ሆነ። ዛሬ ከስምንት ሺህ የሚበልጡ ቤተ መጻሕፍት እንደ ሥራቸው ደረጃ እየተሰጣቸው በዚህ ሥርዓት ይረዳሉ፤ ከየመንደሩም መጽሐፍ ይዘው ወደየቤቱ እየሄዱ ለሴቶች የሚያውሱ አሉ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሹማምንት የሚሆን ተግሣጽም አለ። በ1977 መንግሥት የቤተ መጻሕፍቱን ማኅበር ከመሥራቾቹ እጅ ወስዶ በራሱ ባቆመው ቦርድ እንዲተዳደር አደረገው። እስከ 1989 ድረስ ሕዝቡ ራሱ ያቆመውን ነገር በተሿሚ እጅ ሆኖ አየው። አዲሱ ሕግ ግን አስተዳደሩን ከመንደር ጀምሮ እስከ ክፍለ ሀገሩ ድረስ ለተመረጡ ሰዎች መለሰ። መንግሥት ሕግና ገንዘብ ሊሰጥ፣ ሒሳብም ሊመረምር ይገባዋል፤ ቁልፉን ከመንደሩ ሰው እጅ የወሰደ እንደ ሆነ ግን ሕዝቡ የኔ ነው ማለቱን ይተዋል። የራሱ ያልሆነውንም ጣራ ሲያፈስ የሚደፍን የለም።

ኢትዮጵያም ይህን ነገር በራስዋ ታሪክ አይታዋለች። በ1979፣ ማለት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ብዙ ገበሬና ብዙ እናት ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ይሁን እንጂ በየገጠሩ የሚነበብ ነገር ስላልተከተላቸው በጣታቸው መፈረም የተዉት ሰዎች ተመልሰው ቀለም የነኩበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ ዘሩ ተዘርቶ ውሃው ስለ ቀረ ነው።

ዛሬ የኢትዮጵያ ክልሎች እያንዳንዳቸው የትምህርት ቢሮ አላቸው፤ በብዙ ወረዳም ትምህርት ቤት ቆሟል። እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው ጉልቻ ነው። ለዚህም ታላቅ ሕንጻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ፣ ጥቂት ወንበር፣ በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሕግና ስለ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ፣ ቁልፉንም የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው ካለ ይበቃል። በኢትዮጵያ ደብርና ገዳም ብራና ሲጠብቁ የኖሩት ካህናት መጽሐፍን ከእሳትና ከዝናብ ማዳን ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃሉና በየአጥቢያቸው የዚህ ሥራ ረዳቶች ቢሆኑ ሥራው ይጸናል። ሹሙም የትምህርቱን ሥራ ሪፖርት ሲቀበል ስንት ሰው ፊደል ቈጠረ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከቈጠሩት ውስጥ ዘንድሮ መጽሐፍ የገለጡት ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደ ሆነ፣ ለፊተኛው የወጣው ድካምና ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።