አረጋውያንን ልንጠይቅ ስንሄድ ምን እንይ? ከአውራ አምባ እስከ ጎጃም ደጋ

በዓል ሲደርስ ብዙዎቻችን ስኳር፣ ሳሙና፣ ጋቢ ይዘን ወደ አገር ቤት እንሄዳለን። ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ የአረጋውያን ማእከል የሚጎበኝም አለ። ከውጭ አገር የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችም እንዲሁ፤ ጥቂት ቀን ያገለግላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። መጠየቅ መልካም ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ በሚመጣው ማክሰኞ አዛውንቷን ማን ያጥባቸዋል? የግፊት መድኃኒታቸውን ማን ያስታውሳቸዋል? ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው።

እንግዳ የማትጠብቀው መንደር

ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ከተማ ብዙም ሳይርቅ አውራ አምባ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ናት። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ወንዱም ሴቱም ሥራ ሳይለይ እኩል በመሥራቱ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች አዘውትረው ይመጡባታል። ፊንላንዳዊቷ ፊልም ሠሪ ፓውሊና ቴርቮም ስለ መንደሯ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች።

እዚያ የሄደ እንግዳ ሽመናውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ከዚያም የአዛውንቶቹን ቤት ያያል። ጉልበታቸው የደከመና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን እዚያ ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ሲታመሙም አስታማሚ አላቸው። ማኅበረሰቡ በሳምንት አንድ ቀን ለችግረኞች የሚውል ሥራ ይሠራል፤ ገቢው ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆች ይውላል።

እንደ ሐኪም ልብ የምለው ይህንን ነው። መንደሯ ሀብታም አይደለችም። ግን እንክብካቤው ቀን ተቆርጦለታል፣ ባለቤትም አለው። እንግዳ መጣም ቀረም አዛውንቶቹ ምሳቸውን ይበላሉ።

ይህ ጉዳይ የደግነት ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላው በ50 በመቶ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” የሚለው የአበው አነጋገር በቁጥርም ይደገፋል ማለት ነው።

እግር ያየው ሐኪም

ወደ ጎጃም ደጋ ስንመጣ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው አብዛኛው ገጠር እንደ አውራ አምባ ያለ የአዛውንቶች ቤት አናገኝም። አዛውንቱ የሚጦሩት በልጅና በጎረቤት ነው። የሚገናኙትም በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በእድር ነው። ታዲያ እግራቸው አብጦ፣ ሽታውን ፈርተው ከሰንበቴ የቀሩ አባት ቢኖሩ ማን ያውቃል?

በዚህ ላይ የአንድ የውጭ አገር ሐኪም ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። እንግሊዛዊው ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ገበያ እየወጡ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩን ከአካባቢው የአፈር ዓይነት ጋር አስተያዩት። ብዙ ሕሙማን የተገኙት በደጋማ፣ ዝናባማና ቀይ አፈር ባለበት አገር ነው። ይህ ዓይነቱ “ዝሆኔ” (ፖዶኮኒዮሲስ) በትንኝ የሚመጣ ሳይሆን፣ ባዶ እግር ለረጅም ዓመት ከሚረገጥ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን በሥራቸው አሳዩ።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በተደረገ ቅኝት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 3 ያህሉ ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ደስ የሚለው፣ ሕክምናው ቀላል ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመሙ የሚያገረሽበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

ስትሄዱ እነዚህን 6 ነገሮች እዩ

1. እግር። ፈቃድ ጠይቃችሁ እግራቸውን እጠቡላቸው፤ ነውር የለውም፣ በባህላችንም የቆየ አክብሮት ነው። እብጠት፣ ቁስል፣ በጣት መካከል የተሰነጠቀ ቆዳ አለ? ስኳር ካለባቸው ደግሞ ትንሽ ቁስልም ቢሆን ቶሎ ይታከም።

2. ዓይን። ሰው በድምፅ ብቻ ነው የሚለዩት? ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ይታያል? የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። “ዕድሜ ነው” ተብሎ አይተው። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ ከሆነ ደግሞ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ሊሆን ይችላል፤ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ዓይን ያጠፋልና ጤና ጣቢያ ይታዩ።

3. አፍና ምግብ። ጥርስ ለሌላቸው ሰው ቆሎ ይዞ መሄድ አይጠቅምም። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል? ቀበቷቸው ጠብቋል? ከስተው ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አጥሚት የመሳሰለ ለስላሳና ገንቢ ምግብ ይመረጣል።

4. መድኃኒት። “የምትወስዱትን ሁሉ አሳዩኝ” በሉ። የግፊት መድኃኒት “ተሽሎኛል” ተብሎ የሚቆም አይደለም። ዳይክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊትም ይጨምራል። ሐኪም ያማክሩ።

5. መውደቅ። በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ሌሊት ሽንት ቤት ሲወጡ መብራት አላቸው? ከደጃፍ ያለ ድንጋይ ማንሳት፣ ጠንካራ ምርኩዝና ባትሪ መስጠት የዳሌ አጥንት ስብራትን ሊያስቀር ይችላል።

6. ሐሳብና መንፈስ። ቀስ እያለ የሚመጣ የመርሳት ችግር ሐኪም ሊያየው ይገባል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መቀባዠር ግን “ጃጁ” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ።

ጎብኚ ማድረግ የሌለበት

✔️ ጉንፋን ወይም ሳል ይዟችሁ ከሆነ ጉብኝቱን አዘግዩት። ለእናንተ ቀላል የሆነው ለእሳቸው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

✔️ ከውጭ አገር የመጣ መድኃኒት አታድሉ። የሐኪም ትእዛዝ የሌለው ኪኒን ስጦታ አይሆንም።

✔️ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ሳትጠይቁ ጣፋጭ አትስጡ።

✔️ ሳታስፈቅዱ ፎቶና ቪዲዮ አታንሱ። ሲጎርሱ፣ ሲለብሱ ወይም ቁስላቸው ሲታጠብ ደግሞ ጭራሽ አይቀረጽም። እናታችሁ ቲክቶክ ላይ እንደዚያ ቢታዩ ደስ ይላችኋል?

ከመመለሳችሁ በፊት

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አውራ አምባ ለአዛውንቶቿ ቀን እንደቆረጠች፣ እናንተም ለወላጆቻችሁ ቀንና ሰው ወስኑ።

በሳምንት አንድ ቀን ቤት ድረስ የሚመጣ ጎረቤት ወይም ዘመድ በስም ይታወቅ። ለድካሙ የሚሆን ነገር ከከተማ ላኩለት። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ያዙ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተራቸው መታደሱን አረጋግጡ። ግፊታቸው የሚለካበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጋችሁ ሙሉና ደውሉ። ስትደውሉም “ደህና ናችሁ?” ብቻ አትበሉ፤ የአገራችን አዛውንት ሞቶም ቢሆን “ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን” ነው የሚለው። “ትናንት ምን በላችሁ? ሌሊት እንዴት አደራችሁ? ከማን ጋር ዋላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ደረት ላይ ከባድ ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ካለ በዓሉ ይለፍ፣ ጠበል ይቅደም ሳይባል በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ጠበሉ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒት ግን አይቋረጥ።

ሲመርቁን “ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ” ይሉናል። ልብ በሉ፣ መጦር ከመቅበር ይቀድማል። ለቀብር ድንኳንና ንፍሮ የሚያሰናዳው እድራችን፣ በሕይወት ላሉት አባልም በሳምንት አንድ ቀን በር የሚያንኳኳ ሰው ቢመድብ ምን ይለዋል? እስቲ በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ አንሱት።

ወላጆቹ ገጠር ላሉ ወዳጃችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት።