በሕዝብ በዓል ቀን ስለ ሠራተኛ ዕረፍትና ደመወዝ

በዓል በቀረበ ቁጥር በንግድ ቤቶች ውስጥ የሚነሣ የቆየ ክርክር አለ፤ ይኸውም ሠራተኛው በበዓል ቀን ባይሠራ ደመወዙ ይቈረጣል ወይስ አይቈረጥም፣ የሠራ እንደሆነስ ስንት ይከፈለዋል የሚለው ነው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ዕለት እዚህ ቂሊንጦ ካሉት መጋዘኖች በአንደኛው የሆነው ነገር ጥያቄው ቀላል አለመሆኑን ያሳያል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የተነሣ ዕቃ ጥር 11 ቀን ጧት ደረሰ። መኪናው ቆሞ የዋለ እንደሆነ ኪራይ የሚቈጥር በመሆኑ ባለመጋዘኑ ሠራተኞቹን ታቦት ለማጀብ ከወጡበት አስጠርተው ዕቃውን አስወረዱ። በወሩ መጨረሻ ግን በደመወዝ መዝገቡ ላይ ስለዚያ ቀን የተጻፈ አንድ ሳንቲም አልነበረም። ባለመጋዘኑ የወር ደመወዝ በዓሉንም ይጨምራል ብለው ያምኑ ነበር።

እምነታቸው ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 73 የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው መሆናቸውን ይደነግጋል። በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ከደመወዙ ምንም አይቀነስበትም፤ ባለመጋዘኑ ልክ የሆኑት እስከዚህ ድረስ ነው። ሠራተኛው በዚያ ቀን የሠራ እንደሆነ ግን አንቀጽ 75 ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። በወር 8,320 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በወር 26 የሥራ ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል ብንል በጠቅላላው 208 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓት ደመወዙም 40 ብር ነው። በጥምቀት ዕለት 5 ሰዓት ዕቃ ቢያወርድ 80 ብር በ5 ሲባዛ 400 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ከመደበኛው የሥራ ሰዓት አልፎ በትርፍ ሰዓት የሠራ እንደሆነ ደግሞ በበዓል ቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሁለት ተኩል ስለሚባዛ ለእያንዳንዱ ሰዓት 100 ብር ይሆናል።

በዓሉ ከሳምንቱ የዕረፍት ቀን ጋር በአንድነት የዋለ እንደሆነስ? አንዳንድ ሠራተኞች ሁለት እጥፍ በሁለት እጥፍ ሊጠይቁ ይሞክራሉ። አዋጁ ግን ሁለት በዓላት ቢገጣጠሙ ወይም በዓሉ በዕረፍት ቀን ቢውል የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው ይላል። ይህ በተለይ ለፋሲካ ይጠቅማል፤ ፋሲካ ምን ጊዜም ከእሑድ ፈቀቅ አይልምና።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ ወር ደመወዝተኛ ነው። በቀን ወይም በሥራው መጠን የሚከፈላቸው ጫኝና አውራጆች ሥራ በሌለበት በዓል የሚያገኙት ነገር ቢኖር በሥራ ውላቸው ወይም በኅብረት ስምምነት የሚወሰን ነው። በውሉ ምንም ያልተጻፈ እንደሆነ ጠቡ የሚመጣው በበዓሉ ዋዜማ፣ ለዶሮና ለቅቤ ገንዘብ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ገና በቅጥር ጊዜ በአንድ መስመር ቢጻፍ ይሻላል እንላለን። የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ የማይሸፈኑ ስለሆኑ ለእነርሱም ውላቸውን ማየት ያስፈልጋል።

በዓል የሚባለው የትኛው ቀን እንደ ሆነ የሚወስነው ሌላ ሕግ ነው፤ ዝርዝሩም ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሐምሌ 16 እና ጥቅምት 23 ይከበሩ ነበር፤ በደርግ ዘመን መስከረም 2 ታላቅ በዓል ነበር። በሚያዝያ ወር 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ካደረጉት ሰላማዊ ሰልፍ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በብሔራዊ በዓላት ውስጥ ገቡ። የኢድ በዓል በጨረቃ መታየት ስለሚቈረጥ ቀኑ የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ የማራገፊያ ቀኑን ሲያቅድ አንድ ቀን አስቀድሞ ወይም አስከትሎ ቢያስብ ይጠቀማል። ገናም ቢሆን ከሰግር ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ባለፈው ዓመት መዝገብ ተመርቶ ቀን መጻፍ ያሳስታል። የውጭ ባንኮች ደግሞ የሚዘጉት በራሳቸው በዓል ነው፤ የአውሮፓ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 አካባቢ ስለሚውል የባንክ ሰነድ የሚጠብቅ ላኪ ይህን አይርሳ።

የዓመት ዕረፍትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሚሰጠውን ዕረፍት ከ16 የሥራ ቀን እንዳያንስ አድርጎታል። የተባለው «የሥራ ቀን» ስለሆነ ሠራተኛው በዕረፍት ላይ ሳለ መስቀል ቢገባ ያ ቀን ከዕረፍቱ ላይ አይቈጠርም። በጸሐፊነት ሥራዬ ከሁሉ ይልቅ ተረስቶ ያየሁት ይህንን ነው።

አሠሪው የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት፣ የበዓል ቀንና ፈቃድ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ በአዋጁ ይገደዳል። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፤ ስም፣ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። ሠራተኛው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያውን የሚጠይቅበት ጊዜ ክፍያው ከሚገባው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው።

ከላይ ያነሣነው መጋዘን እንዲህ ያለ ደብተር አልነበረውም። ሰዓቱ የታወቀው ሾፌሩ ይዞት ከነበረው የዕቃ ርክክብ ወረቀት ነው፤ በእርሱም መሠረት ሠራተኞቹ የአምስት አምስት ሰዓት ሒሳባቸውን በመጋቢት ወር ተቀበሉ።