ከሳጥኑ ሥር የተገኘችው ወረቀት

የአያታችን አርባ ካለፈ በኋላ ነው ቁይ ባለው ቤታቸው የነበረችው አሮጌ የእንጨት ሳጥን የተከፈተችው። በውስጧ የግብር ደረሰኞች፣ የዕድር ደብተርና በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ዳር ዳሩ በሐረግ ያጌጠ፣ ማኅተምና ሁለት ፊርማ ያረፈበት ነው። አያታችን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፋብሪካ ሲሠሩ የገዙት አክሲዮን ኖሯል።

የቤቱ ወሬ ወዲያው ተለወጠ። «የዚያን ጊዜ መቶ ብር ዛሬ ስንት ይሆናል?» አለ አጎቴ። አክስቴ «ብቻ ድርሻችን እኩል ይሁን» ስትል፣ ሐዘኑ ሳይበርድ የውርስ ጭቅጭቅ ሊነሣ ጥቂት ቀረው። አዲስ አበባ ሄዶ የማጣራቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ።

መልሱ አጭር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ ሥር የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ የማኅበራት ድርሻ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ በጥር ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ያ ገበያ አከተመለት። የአያታችን አክሲዮንም አብሮ ሄደ፤ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚፈልጉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። አሮጌ የአክሲዮንና የቦንድ ሰርተፊኬት መሰብሰብ እንደ ቴምብር ስብስብ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሲሆን፣ «ስክሪፖፊሊ» የሚለው ስሙ የወጣለት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድ ተማሪ በአገሩ ቤተ መዛግብት ውስጥ በ1606 የተጻፈ የአክሲዮን ሰነድ አግኝቶ ዓለምን አስደንቋል።

የእኛም አገር ታሪክ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አለ። የምድር ባቡሩን ለመሥራት በ1896 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኩባንያ አክሲዮን የሸጠው ፈረንሳይ አገር ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም ኩባንያው በዕዳ ወደቀ፤ ባቡሩን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያስገባው ሌላ ተተኪ ኩባንያ ነው። በዚያ ዘመን ከአክሲዮኑ ጋር ትናንሽ ኩፖኖች ተያይዘው ይታተሙ ነበር፤ ባለቤቱ ትርፍ ሲቀበል አንዷን ቆርጦ ይሰጣል። ኩፖኖቹ ሳይቆረጡ የቀሩበት አሮጌ ሰነድ፣ ባለቤቱ ያልተቀበለውን ትርፍ ይነግረናል።

ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብርቅነቱ፣ ለሥዕሉ፣ ለፊርማውና ለንጽሕናው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። አጎቴ «ላሚኔት አስደርገን ግድግዳ ላይ እንስቀላት» ብሎ ነበር። እንኳን ቀረ! ላሚኔሽን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም፤ ግድግዳ ላይ ያለ ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል።

እርስዎም እንዲህ ያለ ሰነድ ካለዎት እነዚህን ያስተውሉ፦

• በታጠበና በደረቀ እጅ ይንኩ፤ የተቀደደውን በስኮች አያጣብቁ። ስቴፕለርና አግራፍ ዝገት ያመጣሉ።

• ሳያጥፉ ዘርግተው፣ አሲድ በሌለበት ወረቀት ወይም በፖሊስተር ኪስ ያስቀምጡ። ለስላሳው ተራ ፕላስቲክ እያደር ቀለም ይነቅላል።

• ከምድጃ ጢስ፣ ከላምባ፣ ከአይጥና ከክረምት እርጥበት ያርቁ። የአገራችን ሊቃውንት የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከተው ከፍ አድርገው የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

• ከረጠበ በፀሐይ ወይም በካውያ አያድርቁ። ውኃ በሚመጥ ንጹሕ ወረቀት መካከል፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይድረቅ።

• ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሥተው ለቤተሰብ ያካፍሉ።

የመጨረሻዋ ምክር ለዛሬ አክሲዮንም ትሠራለች። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር በቴሌብር ተሽጧል። ድርሻ በስልክ በሚገዛበት ዘመን ወራሾች ከሳጥን ሥር የሚያገኙት ወረቀት ላይኖር ይችላል። ያልነገሩት ሀብት ደግሞ ለልጅ አይደርስም።

ቁይ ተመልሼ የሰማሁትን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ሴቷ አያቴ ግን «እስቲ ቀኑን አንብብልኝ» አሉኝ። ኅዳር 1961 ይላል አልኳቸው። «በዚያ ሰሞን እኮ ነው እናትህ የተወለደችው። ‹ለልጄ መተማመኛ ገዛሁላት› ብሎ ደስ ብሎት መጣ» አሉ። እናቴ የተወለደችበትን ዓመት በትክክል ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ድርሻ የጠየቀ አልነበረም፤ ወረቀቷ እናቴ ዘንድ እንድትቀመጥ ሁሉም ተስማሙ። ማታ አጎቴ ከፍራሽ ሥር የባንክ አክሲዮኑን አውጥቶ ለሚስቱ አሳያት። ከገዛው ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን መኖሩን የሰማችው ገና ያን ማታ ነበር።